ኮፈኑ ሥር ያለው ተጋጣሚ

ከብቸና እስከ ሞጣ፦ አሮጌ መኪና፣ ዝገትና የአንቲረስት ነገር

ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ስታዲየም ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ረቱ። ያን ቀን ማን ያልጨፈረ አለ! ለብቸና ሰው ታዲያ ያ ስታዲየም የሚገኘው ከሞጣ ማዶ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳው መንገድ የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ መልሶ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ሌላው ብቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን እያለ ሞጣ ይገባና በአዴት በኩል ባሕር ዳር ያደርሳል። ይኼኛው በኪሎ ሜትር ያጥራል። ግን ለረጅም ዘመን ጠጠርና አቧራ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ሆኖ የኖረ መንገድ ነው።

እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ዘመን የቆጠረች ቮልስ ወይም ላንድሮቨር ይዞ የወጣ ሰው ሁለት ተጋጣሚ አለበት። አንደኛው ፊት ለፊት የሚታየው ዳገት ነው። ሁለተኛው ኮፈኑ ሥር ተደብቆ የሚጫወተው ዝገት ነው። ዳገቱን ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ይወጣዋል። ዝገቱ ግን ድምፅ የለውም፣ ዳኛ ፊሽካ አይነፋበትም። ሲታይ ጨዋታው ካለቀ ቆይቷል።

«ደግሞ ቮልስ ከስፖርት ገጽ ምን አገባት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ብዙ አገብቷታል። የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ በዓለም አስቸጋሪ ከሚባሉት የመኪና ውድድሮች አንዱ ሆኖ ስሙ ሲገንን፣ መጀመሪያ ላይ ዋንጫውን ካነሱት መካከል ይህቺው ጀርባዋ የጎበጠ ቮልስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1954 ቪክ ፕሬስተን፣ በ1957 ጋስ ሆፍማን፣ በ1962 ቶሚ ፍያስታድ ያሸነፉት በቮልስዋገን ነው። ቀጥሎ ፔጆ 404 መጣችና በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አራት ጊዜ ወሰደችው። በእኛም አገር በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ እያስነጠሰች የምታልፈው ቮልስ ባለ ታሪክ ተጫዋች ናት ማለት ነው። ጡረታ ያልወጣች።

የፋብሪካው ነገር ካበቃ ግን ቆይቷል። የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ተጫዋች ከአካዳሚ አይወጣም፤ ያለውን ቡድን ጠብቆ መጫወት ብቻ ነው።

የጎጃም ደጋ ለዚህ ጥሩ ሜዳ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ከባሕር የሚመጣ ጨዋማ አየር እዚያ የለም። እንደ አውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ ጨው የሚበትንም የለም። ጨው ደግሞ የዝገት ዋና አቀባይ ነው። ብረት፣ ውኃና አየር ከተገናኙ ዝገት መምጣቱ አይቀርም፤ ጨው ሲጨመርበት ግን ሩጫው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። አውሮፓ ውስጥ በዝገት ያለቀች መኪና እኩያ እዚህ ወለሏ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ለዚህ ነው።

ታዲያ ደጋው የራሱ ችግር አለው። የብቸና ዙሪያ ጤፍ አብቃዩ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ለገበሬው በረከት ነው። መኪና ላይ ሲለጠፍ ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ውኃውን ይዞ አይለቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሥር ወደ ሞተሩ ቤት የተረጨው ጭቃ በየማዕዘኑ፣ በየላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ ይሸጎጣል። ላዩ ደርቆ አቧራ ይመስላል። በጣት ሲፍቁት ውስጡ እርጥብ ነው። ብረቱ ቀን ከሌት ውኃ ተደግፎ ይከርማል። ጠጠር መንገዱ ደግሞ ቀለሙን ከሥር እየቧጨረ በር ይከፍትለታል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። የዓባይን በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ሲወጣ ሌላው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን ይዞ ውኃ ሲጨምር ቮልስ በቀስታ አልፋው የምትሄደው ለዚህ ነበር። የሚፈላ ውኃ የላትማ! ግን አየር ለማስገባት የተከፈቱት ቀዳዳዎች ዝናብና አቧራም ያስገባሉ። የሞተሩ ቤት ከተሳፋሪው የሚለይበት ግድግዳ ላይ ድምፅና ሙቀት እንዲከላከል የተለጠፈ ወፍራም ካርቶን መሰል ሽፋን አለ። እሱ ሲያረጅ ከጀርባው እርጥበት ይይዛል። ላሜራው የሚበላው ከሽፋኑ ኋላ ሆኖ ነው፤ ከፊት ሲያዩት ምንም የለበትም።

እዚህ ላይ ነው የተለመደው ስህተት የሚመጣው። መኪናው ሊሸጥ ወይም ሠርግ ሊታጀብበት ሲሆን «ጋሼ፣ ሞተሩን አጥበን ጥቁር ብንረጨው እኮ አዲስ ይሆናል» የሚል ምክር ይመጣል። ይረጫልም። ቀለሙ ዘይቱ ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ ዝገቱ ላይ ያርፋል። ለአንድ ሳምንት ያብረቀርቃል። ከዚያ መነፋት፣ መላጥ ይጀምራል። ችግሩ መላጡ ብቻ አይደለም። ዝገት ከቀለም ሥርም ሥራውን ይቀጥላል፤ እንዲያውም አሁን የሚያየው የለም። ይኼ በረኛው ሳይኖር ጎሉን በሸራ እንደመሸፈን ነው። ኳሷ መግባቷ አይቀርም፤ ተመልካቹ ብቻ አያያትም።

ሁለተኛው የተለመደ ነገር የተቃጠለ ዘይት መቀባት ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር ውኃ በመግፋት ትንሽ ይረዳል ይባል ይሆናል። ሞተሩ ቤት ውስጥ ግን አያዋጣም። አቧራ ይሰበስባል፣ ሲሞቅ ይጨሳል፣ የጎማ ቱቦዎችን ያበላሻል፣ ነገ ቀለም ልቀባ ቢሉም ቀለም አያስይዝም።

ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ጎል ከማግባት ይልቅ ኳስ ማስጣል ይመስላል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ቀለሙ ሳይከፈት ነው። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል። ከዚያ ዘይትና ቅባቱ በነጭ ጋዝ ይለቀቃል። ነጭ ጋዝ ራሱ የቅባት ሽፋን ስለሚተው በሳሙናና በሙቅ ውኃ እንደገና ይታጠባል። ይኼን ሁለተኛ እጥበት ብዙ ሰው ይዘለዋል። በቤንዚን ማጠብ ግን አደጋ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ጋራዡንም ይዛ ትሄዳለች። ከታጠበ በኋላ የላላው ዝገት በብረት ብሩሽ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ጤነኛ ብረት እስኪታይ ድረስ ነው። ሹል ነገር ሲወጉት የሚበሳ ላሜራ ከተገኘ እዚያ ቦታ የቀለም ሥራ የለም፤ ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ላዩን መቀባት የተጎዳ ተጫዋች በመርፌ አስገብቶ 90 ደቂቃ ማጫወት ነው።

የድሮ ቀይ የብረት ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ስለሚችል በደረቁ አቡኖ ማሸት አይገባም። እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው።

አሁን አንቲረስቱ ይመጣል። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው ቀይ ቀለም ነው። የሚገርመው፣ ቀይ ያደረገው ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማለትም የዝገት ወንድም። የተጋጣሚን ማሊያ ለብሶ የሚከላከል ተጫዋች እንደማለት ነው። የእሱ ሥራ ብረቱን ጨብጦ ለላይኛው ቀለም መያዣ መሆን ነው። ብቻውን ግን ውኃ አይዘጋም፤ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ያጠጣል። ብዙ ሰው አንቲረስት ቀብቶ «ተገላገልኩ» ብሎ ላዩን ሳይሸፍን ክረምቱን ይገባበታል። መስከረም ላይ ከቀዩ ሥር ሌላ ቀይ ይወጣል። የላይ ቀለም ያልተደረበበት አንቲረስት ግማሽ ሥራ ነው።

ከእሱ የሚሻሉ አሉ። ከሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚቀባው ኤፖክሲ እርጥበትን በደንብ ይዘጋል፤ የሞተር ቤት ዘይትና ሙቀትንም ይችላል። ዚንክ ያለበት ቀለም ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያን ያየ ሰው ይገባዋል። አዲስ ቆርቆሮ በየዓመቱ ዝናብ እየወረደበት ቶሎ የማይዝገው ላዩ ላይ ዚንክ ስላለ ነው። ቢቧጨር እንኳ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ያስበላል። ዚንክ ያለበት ቀለም የሚሠራው ግን ንጹሕ ብረትን ሲነካ ብቻ ነው፤ ዝገት ላይ ቢቀባ ዋጋ የለውም።

ቀለም የማይነካቸው ቦታዎችም አሉ። የቮልስ ሲሊንደር ዙሪያውን ቀጫጭን ክንፎች አሉት። ሙቀቱ የሚወጣው በእነሱ ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም መርጨት ሞተሩን ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። በብቸና ከፍታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ማቀዝቀዣውም ጉልበቱም ቀድሞውኑ ይቀንሳል። በሞተሩ ዙሪያ የተጠመጠመው የጎማ ማሸጊያም አለ። ለቀለም ተብሎ ይነቀላል፣ አርጅቷል ተብሎ ይጣላል፣ ሳይመለስ ይቀራል። ማሸጊያው ከሥር ያለውን የጋለ አየር ከላይ ካለው ቀዝቃዛ የሚለየው ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ራሱ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ውጤቱ ይታያል። መኪናዋን ዳገት ላይ የገደላት ዝገቱ ሳይሆን ቀለም ቅቡ ይሆናል ማለት ነው።

የነዳጅ ቱቦውም ሞተሩ ቤት በተከፈተ ቁጥር መታየት ያለበት ነው። ያረጀ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚን ጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቮልሶች የሚቃጠሉበት አንዱ የታወቀ ምክንያት ይኼ ነው። ስንጥቁ ላይ ጥቁር ቀለም ከተረጨበት ደግሞ ማንም አያየውም።

ከሁሉም የከፋው ግን ማሞቂያው ነው። የቮልስ የውስጥ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚወስደው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ነው። ጭሱ የሚያልፍበት ብረት በዝገት ከተበሳ፣ የጭሱ አየር ከሙቀቱ ጋር ተቀላቅሎ ሾፌሩና ልጆቹ ወደተቀመጡበት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የደጋ ብርድ ለሊት፣ መስኮት ዘግቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ መሄድ በዚህ ዓይነት መኪና አደጋ ነው። እዚህ ላይ አንቲረስት አይሠራም። ተራ ቀለምም ማርሚታው ላይ ይቃጠላል፣ ሽታውም በማሞቂያው ገብቶ ራስ ያዞራል። የተበሳ ማሞቂያ ይቀየራል፤ መቀየሪያው እስኪገኝ መንገዱ ተዘግቶ ሳይነካ ይቆያል። ድርድር የለበትም።

ሌላም ጣጣ አለ፤ እሱ የወረቀት ነው። የሞተር ቁጥሩ የተመታው ሞተሩ ላይ፣ ከጄኔሬተሩ ማቆሚያ ሥር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ላይ ባለው የወለል ጉብታ ላይ። ስም ሲዛወር ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩ ላይ ሦስት ድርብ ቀለም የደረበ፣ ከዚያም አልፎ በብርጭቆ ወረቀት ያሸ ሰው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ተጠርጣሪ ይሆናል። ከመርጨት በፊት ቁጥሩን በፕላስተር መሸፈን ወይም ግሪስ መቀባት ሁለት ደቂቃ ነው። ስንቱ ሰው ለሁለት ደቂቃ ሲል ስንት ወር ተመላልሷል!

የሻንሲ ቁጥሩ ጎረቤት ደግሞ ባትሪው ነው። ቮልስ ባትሪዋ ያለው ኋላ ወንበር ሥር ነው። የሚተነው አሲድ ወለሉን ይበላል። ወለሉ ሲሳሳ ቁጥሩም አብሮ ሊሄድ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ቀለም ከመቀባት በፊት አሲዱን በቤኪንግ ሶዳና በውኃ ማርከስ ግድ ነው። ሲፈላ ይታያል፤ መፍላቱን እስኪያቆም ይደገማል። ከዚያ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው ቀለሙ። ባትሪው ሲመለስም ክዳኑ ይደረግለት። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ ወንበር የተቃጠለበት ቮልስ በዓለም ላይ አንድና ሁለት አይደለም። ከኋላ ሦስት ወፈር ያሉ ዘመዶች ሲቀመጡ ሽቦው ወደ ታች መውረዱን ማሰብ ነው።

ላንድሮቨር የያዘ ሰው ይኼን ሲያነብ ፈገግ ሊል ይችላል። «የእኔ አልሙኒየም ነው፣ አይዝግም!» ግማሹ እውነት ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግሥት የብረት እጥረት ስለነበረባት አካሉ በአልሙኒየም ተሠራ። ሻንሲውና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ትልቁ ግድግዳ ግን ብረት ናቸው። ያ ግድግዳ በሩን፣ መሪውን፣ ፔዳሉን፣ የፊት መስታወቱን የተሸከመ ነው፤ እግር ከሚያርፍበት ሥር ጭቃ ሲቋጥር ይበሰብሳል። አልሙኒየምና ብረት እርጥበት መሃል ሆነው ሲነካኩ ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው ቀለም ወይም ጎማ መግባት ያለበት ለዚህ ነው። ቀለሙ እዚህ ላይ ከጌጥነት ወጥቶ ሁለት ተጋጣሚ ደጋፊዎችን እንደሚለይ አጥር ይሠራል።

ጊዜውስ መቼ ነው? ሐምሌ ላይ አይደለም። የክረምት አየር እርጥበቱን ከቀለሙ ሥር ያስቀራል። ማለዳም አይሆንም፤ በደጋው ማለዳ ብረት ጤዛ ይዞ ያድራል፣ በዓይን ባይታይም በእጅ ይቀዘቅዛል። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት፣ ረፋድ ላይ፣ ብረቱ ለብ ሲል ነው። አቧራ የሚነሳበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ እርጥብ ቀለም ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ቀለም ቀቢዎች ጣሳው ላይ የተጻፈውን የማድረቂያ ሰዓት ጠብቀው ሁለት ስስ ድርብ ቢቀቡ ከአንድ ወፍራም ድርብ ይበልጣል። ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት ይለጠልጣል።

ይኼ ሁሉ ድካም ለአንድ አሮጌ መኪና? ድሮ ቢሆን ጥያቄው ያስኬድ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ ማለት ነው። ያለው ቡድን ይኸው ነው። አንዲት ቮልስ በዝገት ስትወድቅ በቦታዋ የምትገባ ቮልስ የለችም፤ የሷ ክፍልፋይ ግን ለሌሎች መለዋወጫ ይሆናል። ስለዚህ ያለው ሰው ይጠብቃታል፣ የሌለው ዋጋዋን ይጠይቃል፣ ጥቁር የረጨው ደግሞ ሊሸጣት ይሞክራል።

ለዚህም ገዢ የሚያደርጋት ቀላል ፈተና አለ። ኋላዋን ይከፍታል። አዲስ ቀለም ካየ ደስ አይበለው፤ ብሎኖቹን ይይ። ብሎን፣ ቱቦ፣ ሽቦና ላሜራ በአንድ ላይ ጥቁር ከሆኑ ማንም ነቅሎ አልሠራውም፤ ተረጭቶበት ነው። ወንበሩን አንስቶ ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል በጣቱ ይጫን። ከዚያ የማርሚታውን መጋጠሚያ በባትሪ መብራት ይይ።

ባለቤቱ የሚያደርገው ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ከዘነበ በማግሥቱ ኋላዋን ከፍቶ የላሜራውን መጋጠሚያዎች ማየት ነው። ቡናማ እንባ የመሰለች መስመር ከወረደች ቦታውን በኖራ ምልክት ያድርግባት። ክረምቱ እስኪወጣ እየጠረገ፣ እያደረቀ፣ ስስ ግሪስ እየቀባ ያቆያታል። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ግሪሱን አጥቦ፣ ምልክቱን ፈልጎ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ከዚያው ይጀምራል።